«ድምፅ የለውም» ሲባል፦ ስለ ሊኑክስ ኮምፒውተር ድምፅ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቋረጠ። እዚህ አዳማ በየቢሮው፣ በየፎቶ ኮፒ ቤቱና በየማሠልጠኛው የምናያቸው ያገለገሉ ዴልና ኤችፒ ዴስክቶፖች ደግሞ ብዙዎቹ በዕድሜያቸው ምክንያት ዊንዶውስ 11 አይቀበላቸውም። ስለዚህ ኡቡንቱ ወይም ሚንት የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ይጫንባቸዋል። ፋይሉ ይከፈታል፣ ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ዘፈን ሲከፍት ግን ጸጥ! ያን ጊዜ ጎረቤቱም፣ የእህቱ ልጅም፣ ኮምፒውተሩን የሸጠለት ሰውም የየራሱን ምክር ይለግሳል። ምክሩ ሁሉ አንድ ነገር ይጨመር ወይም አንድ ነገር ይነቀል የሚል ነው።

ድምፁ እስከየት ደርሶ እንደቆመ የሚጠይቅ ግን የለም። ድምፅ ከፕሮግራሙ ይወጣል፣ በድምፅ አገልግሎቱ በኩል ያልፋል፣ የድምፅ ካርዱ ዘንድ ይደርሳል፣ ከዚያ በገመድ ወደ ስፒከሩ ይሄዳል። ጠፋ የሚባለው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ተዘግቶ ወይም ወደ ሌላ አቅጣጫ ታጥፎ ይገኛል። ከዚህ በታች ያሉት አባባሎች በየቀኑ የምሰማቸው ናቸው።

«ድራይቨር ስላልተጫነ ነው»

ድራይቨር ማለት ሥርዓቱን ከካርዱ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ነው፤ እሱን መፈለጉ ከዊንዶውስ ጋር የመጣ ልማድ ነው። ሰዎች የድምፅ ቺፕ ሠሪውን የሪልቴክን መጫኛ ከኢንተርኔት ያወርዱና ሊኑክስ ላይ አልከፈት ሲላቸው በሊኑክስ ያመካኛሉ። ያ መጫኛ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። በሊኑክስ የድምፅ ካርድ ድራይቨር የሚመጣው ከከርነሉ፣ ማለትም ከሊኑክሱ እምብርት፣ ጋር ነው። አልሳ የሚባለው የድምፅ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1998 በያሮስላቭ ኪሴላ ተጀምሮ፣ በ2003 መጨረሻ በወጣው ከርነል 2.6 ዋናው የድምፅ መሠረት ሆነ። ኢንቴል በ2004 ያወጣውን የኤችዲ ኦዲዮ ደረጃ የተከተሉት ማዘርቦርዶች ምንም ሳይጫንላቸው በዚሁ ይሠራሉ። ያገለገሉት ዴስክቶፖቻችን በሙሉ ማለት ይቻላል የዚህ ወገን ናቸው። ከአዳዲሶቹ ላፕቶፖች ተጨማሪ የፈርምዌር ፋይል (ዕቃው ራሱ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም) የሚፈልጉ አሉ፤ እሱም ቢሆን የሚገኘው ከራሱ ከሊኑክሱ የሶፍትዌር ማከማቻ ነው።

ማረጋገጡ ቀላል ነው። ተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ከፍተው ኤፕሌይ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ፣ ትንሿን ኤል (aplay -l) ይጻፉ። የካርዱ ስም ከተዘረዘረ ድራይቨር አለ፤ የድራይቨር ወሬ እዚያ ላይ ያብቃ።

«ድምፁ መቶ ላይ ነው፤ ስለዚህ አልተዘጋም»

በስክሪኑ ጥግ የሚታየው የድምፅ መጠን የላይኛው በር ብቻ ነው። ከእሱ በታች ካርዱ የራሱ መክፈቻና መዝጊያዎች አሉት፤ እነሱ ሲዘጉ ላይኛው መቶ ቢል ዋጋ የለውም። የሚታዩት ከተርሚናል በሚከፈተው አልሳሚክሰር (alsamixer) በተባለው ፕሮግራም ነው። ብዙ ሰው ከፍቶት አንድ ዓምድ ብቻ ያይና «ምንም የለውም» ብሎ ይዘጋዋል። ያ አንድ ዓምድ ካርዱ አይደለም። ኤፍ6 ተጭነው ካርዱን በስሙ ሲመርጡ ነው ማስተር፣ ሄድፎን፣ ስፒከር፣ ፍሮንት እያሉ ዓምዶቹ የሚደረደሩት። ከአንዱ ሥር ሁለት ኤም ፊደላት ከተጻፉ ያ ዓምድ ተዘግቷል ማለት ነው። በቀስት ቁልፍ ሄደው ኤምን ሲጫኑ ወደ ሁለት ዜሮ ይቀየራል፤ ተከፈተ። የቁልፍ ሰሌዳዎ በአማርኛ ላይ ከቆየ ግን የሚላከው «ም» ስለሆነ ፕሮግራሙ አይሰማዎትም፤ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱት። በዚህች ምክንያት ብቻ «አልሳሚክሰርም አልሠራም» ያለኝ ሰው አለ።

ለእኛ ከተማ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ የካርዱ ቅንብሮች ብዙውን ጊዜ የሚቀመጡት ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሲጠፋ ነው። መብራት ድንገት ሲቋረጥ የዛሬው ማስተካከያ ሳይመዘገብ ይቀርና ነገ ድምፁ ተመልሶ ዝም ሊል ይችላል። አስተካክለው እንደጨረሱ በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ አልሳክትል ስቶር (sudo alsactl store) የሚለውን ትዕዛዝ ቢሰጡ ያን ጊዜውኑ ይመዘገባል።

«ስፒከሩ ተሰክቷል፤ ድምፁ ሌላ የት ይሄዳል?»

ብዙ ቦታ ይሄዳል! ከሁሉም በላይ ጊዜ ሰጥቼ ማስረዳት የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ፖስታ ቤት አካባቢ የሠርግ ቪዲዮ የምታቀናብር አንዲት እህት ኮምፒውተሯን ይዛ መጣች። «ወንድሜ፣ ድምፅ ካርዱ ሞቷል ብለውኛል፤ ስንት ያወጣል?» አለች። መቼ እንደጠፋ ስጠይቃት አዲስ ስክሪን የገዛች ዕለት ነው አለችኝ። የቀድሞው ስክሪን በቪጂኤ ገመድ ይሠራ ነበር፤ አዲሱ በኤችዲኤምአይ ነው። ቪጂኤ ምስል ብቻ ነው የሚያስተላልፈው፤ ኤችዲኤምአይ ግን ድምፅም አብሮ ይይዛል። ስክሪኑ ስፒከር የለውም፤ ከኋላው ግን የማዳመጫ ቀዳዳ ስላለው «ድምፅ እቀበላለሁ» ብሎ ለኮምፒውተሩ ያሳውቃል። ሊኑክሱም አምኖት ድምፁን ወደዚያ ልኮታል። ማዳመጫ አምጥቼ ከስክሪኑ ጀርባ ስሰካው የሙሽራው እናት እልልታ ጆሮዬ ላይ ፈነዳ። ሴቲንግስ ውስጥ ሳውንድ ከሚለው ገብቶ አውትፑቱን (የድምፁን መውጫ) ከስክሪኑ ወደ ማዘርቦርዱ መመለስ ብቻ በቂ ሆነ። እሷ ግን ለካርድ መግዣ ገንዘብ ይዛ ነበር የመጣችው።

ሁለተኛው የቀዳዳዎቹ ነገር ነው። ከኬዙ ጀርባ ብዙውን ጊዜ ሦስት ቀለማት አሉ፤ አረንጓዴው ለስፒከር፣ ሮዙ ለማይክሮፎን፣ ሰማያዊው ከውጭ ለሚገባ ድምፅ ነው። ጠረጴዛው ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ በዳሰሳ የሰካ ሰው ሮዙ ውስጥ ቢያገኘው አይፍረዱበት።

ሦስተኛው ተንኮለኛ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ሲሰካ ከኋላ ያለው ስፒከር በራሱ ዝም እንዲል የሚያደርግ አሠራር አለ፤ በአልሳሚክሰር ውስጥ ኦቶ ሚውት ሞድ ተብሎ ይታያል። የፊት ቀዳዳው ውስጥ ማዳመጫ መግባቱን የሚያሳውቅ ትንሽ መነካኪያ አለ። የአዳማ አቧራ እዚያ ሲጠራቀም፣ ወይም በብዙ መሰካትና መንቀል ሲጣመም፣ ኮምፒውተሩ የሌለ ማዳመጫ አለ ብሎ ያምናል። ማዳመጫውን ሰክቶ መንቀል ለጊዜው ከመለሰው ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። ቀዳዳውን ያጽዱ፤ ካልሆነ ኦቶ ሚውቱን ወደ ዲሴብልድ ይቀይሩት። ፓቩኮንትሮል (pavucontrol) የተባለው የድምፅ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ካለዎትም ወደቡን ከሄድፎን ወደ ላይን አውት በእጅ መምረጥ ይቻላል።

ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ኬዝ ውስጥም ትንሽ ስፒከር ይገኛል። ከጠረጴዛ ሥር የቀጠነ ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ምንጩ እሱ ነው።

«በሱዶ ከታዘዘ እሺ ይላል»

በሱዶ የሚታዘዘው ስቶር ከላይ ያየነው ነው፤ እሱ የካርዱን ቅንብር ስለሚመዘግብ ያስፈልገዋል። የድምፅ አገልግሎቱ ግን የሚነሣው በገባው ተጠቃሚ ስም ነው። በሱዶ ሲጠሩት ሥር አስተዳዳሪው የራሱን አገልግሎት ይፈልጋል፤ ያንን ስለማያገኝ መገናኘት አልተቻለም ይላል፤ ሰውየውም ነገሩ ሁሉ የተበላሸ ይመስለዋል። አገልግሎቱን እንደገና ለማስነሣት ከአካውንቱ ወጥቶ ተመልሶ መግባት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

«ፐልስኦዲዮን ነቅለህ እንደገና ጫነው»

ይህ ምክር በጊዜው ምክንያት ነበረው። ፐልስኦዲዮ የተባለው የድምፅ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2004 ተጀምሮ በ2008 ኡቡንቱ ሲገባ ብዙ ሰው አስለቅሷል። አሁን ግን ቦታውን ፓይፕዋየር ይዞታል። በዊም ታይማንስ የተጀመረው ይህ ፕሮግራም በ2021 ሌላው የሊኑክስ ዓይነት በሆነው በፌዶራ 34፣ በ2022 ደግሞ በኡቡንቱ 22.10 የፐልስኦዲዮን ሥራ ተረከበ። ለድሮ ፕሮግራሞች ራሱን ፐልስኦዲዮ አስመስሎ ስለሚያቀርብ ልዩነቱን አያውቁትም። በዚህ ላይ አሮጌውን መልሶ መጫን ሁለት አገልግሎት በአንድ ካርድ ማጣላት ነው። መንቀሉም የዴስክቶፑን ሌሎች ክፍሎች አብሮ ሊያስነቅል ይችላል። ስለዚህ ምክሩ የተጻፈበትን ዓመት ሳያዩ ምንም ትዕዛዝ አይቅዱ።

«ፎርማት ይደረግ»

የከተማችን ተወዳጅ መፍትሔ። አንዳንዴ ድምፁን ይመልሰዋል፤ ምክንያቱም የተቀየረው አውትፑት ወይም የተዘጋው ዓምድ አብሮ ይጠረጋል። ፎቶውም፣ የሠርግ ቪዲዮውም፣ የሂሳብ ፋይሉም አብረው ይጠረጋሉ። ይህ ጥርጣሬ ካለዎት አዲስ የተጠቃሚ አካውንት ይክፈቱና በእሱ ይግቡ። እዚያ ድምፅ ካለ ችግሩ በአሮጌው አካውንት ቅንብር ውስጥ ነው፤ ዲስኩን የሚያስነካ ጉዳይ የለም።

ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው የተጫኑበት ኮምፒውተር ደግሞ ከዊንዶውስ በሪስታርት ሲመጣ ካርዱ ግራ እንደተጋባ ሊቀር ይችላል። ሙሉ በሙሉ ያጥፉት፣ ገመዱን ከሶኬት ነቅለው ጥቂት ይቆዩ፣ ከዚያ ያስነሡት።

«ካርዱ ተቃጥሏል»

ይህም ይሆናል፤ የመብራቱ መዋዠቅ ዕቃ አይምርም። ግን ሳይፈተን አይፈረድበት። በሴቲንግስ ከእውነተኛ ካርድ ይልቅ ደሚ አውትፑት (የይስሙላ መውጫ) የሚል ብቻ ከታየና ኤፕሌይም ምንም ካልዘረዘረ፣ በመጀመሪያ ወደ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ወደሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ገብተው የማዘርቦርዱ ድምፅ በአጋጣሚ ተዘግቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ክፍት ከሆነ ኡቡንቱን በፍላሽ አዘጋጅተው፣ ዲስኩ ላይ ሳይጭኑ፣ ከፍላሹ ብቻ ያስነሡት። እዚያ ድምፅ ከተሰማ ካርዱ ደኅና ነው። ካርዱ እዚያም ካልታየ ማዘርቦርድ መለወጥ አያስፈልግም፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የድምፅ ካርድ ይበቃል። አብዛኞቹ ያለ ድራይቨር ወዲያው ይሠራሉ። ሲገዙ ሱቁ ውስጥ ሰክተው ይሞክሩት፤ ቤት ከገቡ በኋላም ሳውንድ ውስጥ እሱን በአውትፑትነት መምረጥዎን አይርሱ፤ ሊኑክሱ ድምፁን አሁንም ወደ ስክሪኑ እየላከ ሊሆን ይችላል።