የአገር ቤት ዜማ ለተማሪ ባንድ፦ የጎንደር ቅንብር

ጎንደር ላይ ለተማሪ ባንድ የሚያቀናብር ሰው ዜማ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። በአዝማሪዎቹ የታወቀው የቡርቧክስ መንደር እዚያው ከከተማው አቅራቢያ ነው። ልጆቹም በሰርጉ፣ በቡሄውና በጥምቀቱ ሲዘፍኑ ነው ያደጉት። ሥራው በማሲንቆና በድምፅ የኖረውን ዜማ ለትራምፔት፣ ለክላርኔትና ለሳክስፎን ማስማማት ነው።

ልጅና የነሐስ መሣሪያ በአገራችን የቆየ ትውውቅ አላቸው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባዎች በኬቮርክ ናልባንድያን እየተመሩ የቤተ መንግሥት ባንድ ሆነው ነበር። እስከ ዛሬ «አርባ ልጆች» ይባላሉ።

ከሁሉ የሚቀድመው ቅኝት፣ ማለትም ዜማው የሚሠራባቸው ድምፆች ስብስብ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። ለጀማሪ ሜጀር ትዝታ ይቀላል፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። የእነዚህ መሣሪያዎች ኖታ ከፒያኖው ስለሚለይ፣ በፒያኖ ከቢ ፍላት ቢነሳ ትራምፔትና ክላርኔት ከዶ፣ አልቶ ሳክስፎን ደግሞ ከሶል ያነባሉ። ከሦስቱ ማንም ሻርፕ ወይም ፍላት አይገጥመውም። አንቺሆዬ ግን ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ስለሆነ ጆሮም ከንፈርም ይፈትናል። ባይቸኩሉበት ይሻላል።

የሚያሳዝነኝ አንድ ልማድ አለ። ዜማው ባዶ እንዳይመስል ተብሎ ከሥሩ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ይደረደራል። በኮርዱ ከቅኝቱ ውጭ የሆኑት «ፋ» እና «ሲ» ሲገቡበት ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። ትሮምቦኑ የቅኝቱን ዶና ሶል ይዞ ቢቆይ ይበቃል። ከዚያ አንድ ትራምፔት ያወጣል፣ ሌላው ሁሉ ይቀበላል። አዝማሪና ተቀባዮቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ምቱ ብዙ ጊዜ ስድስት ስምንተኛ ነው። እነዚያው ስድስት ምቶች አንዴ ሁለት ጊዜ ሦስት፣ አንዴ ሦስት ጊዜ ሁለት ሆነው ይሰማሉ። ወረቀት ላይ ያስፈራል፤ በጭብጨባና በእስክስታ ግን ልጆቹ ወዲያው ይይዙታል። ስለዚህ መጀመሪያ ይዝፈኑት፣ ኖታው ኋላ ይታደል። ቅላጼውንም ኖታ በቅጡ አይዘውም። ማሲንቆ ተጫዋች ጋብዞ በጆሮ ማስያዝ ነው።

ትንፋሽም መታሰብ አለበት። የማሲንቆ ደጋን ትንፋሽ አይፈልግም፣ የ12 ዓመት ልጅ ግን ይፈልጋል። ረጅሙን ሐረግ ክላርኔቶች ጀምረውት ሳክስፎኖች ቢጨርሱት ዜማው አይቆረጥም፣ ልጁም አይታፈንም።