«ክፍሉ ተሠርቷል፤ ሌላ ምን ቀረ?» ስለ ሕፃናት ትምህርት በጀት ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

ባለፈው ሰኔ አንድ የወረዳ የበጀት ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የዜሮ ክፍል፣ ማለትም ከ1ኛ ክፍል በፊት ያለችው የአንድ ዓመት የሕፃናት ክፍል፣ ጉዳይ ሲነሳ አንድ ሰው እጁን አወጣና «ለእነሱማ ዓምና ክፍል ሠራንላቸው እኮ፤ ዘንድሮ ለሌላው እናውለው» አለ። ቤቱ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ይቺን ንግግር በ18 ዓመት የሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ቆጥሬ አልጨርሰውም። መጀመሪያ አፀደ ሕፃናት አስተምር ነበር። አሁን በጉድኝት ማዕከላችን (የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሥር ያሉ የቅድመ አንደኛ መምህራንን እየዞርኩ እደግፋለሁ። እና ዛሬ ይውጣልኝ። ቀለል ያሉትን ቶሎ ቶሎ ብዬ ወደዚችው እመለሳለሁ።

«ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ምን ይገባዋል? ይጫወት።»
ጨዋታው ራሱ ነው ትምህርቱ። አንድ ልጅ 5 ዓመት ሲሞላው አንጎሉ በመጠን የአዋቂን 90 በመቶ ገደማ ደርሷል። እስከ ሰባት ዓመት ምን ልንጠብቅ ነው?

«በእንግሊዝኛ ካልሆነ ትምህርት አይባልም።»
ልጅ ስለ ቤቱ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ሆዱ ሕመም በራሱ ቋንቋ አፉን ሞልቶ መናገር አለበት። ንባብ የሚቆመው በዚያ ላይ ነው።

«ኬጂ የሀብታም ልጅ ነገር ነው።»
ድሮም የድሃ ልጅ ሀሁን ከቄስ ትምህርት ቤት፣ አሊፍ ባን ከቁርአን ቤት ይማር ነበር። በደርግ ጊዜም የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ነበሩ። ነገሩ የሀብታም ብቻ የመሰለው በኋላ ነው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ አፀደ ሕፃናትን በስም ጠቀሰው እንጂ መንግሥት ኪሱን አልፈታለትም። ለግል ባለሀብቱ፣ ለእምነት ተቋማትና ለድርጅቶች ተተወ። በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ከ100 ልጆች ቅድመ አንደኛ የገቡት 5 ገደማ ነበሩ። በ2002 የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ሚኒስቴሮች በጋራ የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ዜሮ ክፍል በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ ተከፈተ። በ2006 ቁጥሩ ወደ ሲሶ ተጠጋ። መንግሥት እጁን ሲዘረጋ ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

«እሱንማ የእርዳታ ድርጅቶች ይሸፍኑታል።»
ያግዛሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። ለምሳሌ ዜሮ ክፍል ላመለጣቸው ልጆች ከ1ኛ ክፍል በፊት በክረምት ሁለት ወር ያህል የሚሰጥ የዝግጅት ትምህርት አለ። ጥሩ ነው። ሁለት ወር ግን ዓመት አይሆንም። ፕሮጀክቱ ሲያበቃም የመምህሯ ደመወዝ የወረዳው ዕዳ ነው።

«የሕፃናት ማቆያ የመሥሪያ ቤት በጎ ፈቃድ ነው።»
አይደለም። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዟል። በዚያ አዋጅ እናት ከወለደች በኋላ የነበራት ፈቃድ 90 ቀን ነበር። በ91ኛው ቀን ሕፃኑ ሦስት ወሩ ነው፤ ገና አንገቱን እያጠና ነው። የእህቴ ልጅ ከአራስ ቤት ስትመለስ መሥሪያ ቤቷ ማቆያ አልነበረውም። መጸዳጃ ቤት ገብታ በሯን ዘግታ ጡቷን ታልብ ነበር። በአምስተኛው ወር ወተቷ ደረቀ።

አሁን ወደ ዋናው።

«ክፍል ከተሠራላቸው በቂ ድጋፍ አግኝተዋል።»
ወገኖቼ፣ ክፍል ማለት ትምህርት ማለት አይደለም። አንድ ትምህርት ቤት ልንገራችሁ፤ ስሙ ይቅር። ክፍሉ አዲስ ነው። ግድግዳው ላይ አንበሳ፣ ዝሆን፣ ሀ ሁ ሂ ሃ ተስሏል። በር ላይ ያየ ሰው ደስ ይለዋል። ውስጥ 68 ልጆችና አንዲት መምህርት አሉ። ወንበሮቹ ከ4ኛ ክፍል የተዛወሩ ናቸው። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እግሯ መሬት አይደርስም። እንዳትንሸራተት የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛለች። እጇ እዚያ ተይዞ በምኗ ትጻፍ? በምኗ ትቁጠር?

እዚያው ትምህርት ቤት አንድ የ5 ዓመት ልጅ ሳምንት ሙሉ ቀረ። እናቱን ስንጠይቃት «እምቢ አለኝ፤ ትምህርት አልወደደም» አለች። ልጁን ቁጭ ብዬ አወራሁት። ሽንት ቤቱን ነው የፈራው። ጉድጓዱ ለትልልቆቹ የተሠራ ነው፤ እወድቅበታለሁ ብሎ ፈራ። እስከ ስድስት ሰዓት ይዞት ይዞት ሱሪው ላይ ለቀቀው፤ ልጆቹ ሳቁበት። አናጺ ጠርተን ጠበብ ያለ ቀዳዳ ያለው ጣውላ አስደረግንበት። ወጪው ለግድግዳው ሥዕል ከወጣው ቀለም ጋር አይወዳደርም። ልጁ በማግስቱ መጣ።

በጀቱን ያየ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል። ክፍል የሚሠራው ከካፒታል በጀት ወይም ከሕዝብ መዋጮ ነው። አንዴ ይወጣል፤ ያልቃል። መምህርቷ፣ ሰሌኑ፣ የመታጠቢያው ውሃ፣ ወረቀቱ ግን ከመደበኛ በጀት በየዓመቱ መምጣት አለባቸው። የወረዳ የትምህርት በጀት አብዛኛው በደመወዝ ያልቃል። የተረፈችው ሥራ ማስኬጃ ከላይ ወደ ታች ስትከፋፈል ዜሮ ክፍል መጨረሻ ላይ ይደርሳታል። አንዳንዴ ጭራሽ አይደርሳትም። «ክፍል አላቸው» የሚለው ንግግር የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው፤ የዘንድሮውን ወጪ በዓምናው ግንባታ ያካክሰዋል።

ስለ ቅድመ አንደኛ ትምህርት ጥቅም ሲወራ ሁሉም የሚጠቅሰው አንድ ጥናት አለ። በ1960ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ኢፕሲላንቲ በምትባል ከተማ የተሠራ ነው። ከድሃ ቤተሰብ የመጡ 123 ጥቁር አሜሪካውያን ልጆች በሁለት ቡድን ተከፈሉ። አንዱ ቡድን በ3 እና በ4 ዓመቱ ተማረ፤ ሌላው አልተማረም። 40 ዓመት እስኪሞላቸው ተከታተሏቸው። የተማሩት ሁለተኛ ደረጃ በመጨረስም በገቢም በለጡ፤ ከእነሱ መካከል በወንጀል የታሰሩትም ከሌላው ቡድን ያነሱ ነበሩ። ይህን ባለሥልጣኑም ይጠቅሰዋል። የሚዘለለው ግን ዋናው ነገር ነው። ቤቱ ተራ የሰፈር ትምህርት ቤት ነበር። ልዩነቱ በደንብ የሠለጠኑ መምህራን መሆናቸው፣ ለአንድ መምህር ስድስት ያህል ልጆች ብቻ መመደባቸው፣ መምህሯም በየሳምንቱ የልጁ ቤት ሄዳ ከእናቱ ጋር መሥራቷ ነው። ገንዘቡ የሄደው ለሰው ነው።

እኛ ጋ ለአንድ መምህር ስድስት ልጅ ይሁን አልልም፤ አቅማችንን አውቃለሁ። 68 ግን አይሆንም። ደግሞ የሠለጠነችውን አትውሰዱብን። ሁለት ዓመት የደከምኩባት መምህርት ነበረች። በተረት ልጆቹን ጸጥ ታሰኛለች፤ በቆርኪና በጠጠር መደመር ታስተምራለች። ጥር ላይ ወደ 3ኛ ክፍል ተዛወረች። «ጎበዝ ናት፤ ሕፃናት ጋ ለምን ትባክን?» ተባልኩ። በእሷ ቦታ የመጣችው ለሕፃናት አንድ ቀን ሠልጥና አታውቅም። የሥልጠናው ገንዘብ በአንድ ደብዳቤ ጠፋ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ።

ስለዚህ ወላጆች፣ ወመህ (የወላጅና መምህር ኅብረት) ውስጥ ያላችሁ በተለይ፣ ስብሰባ ስትገቡ «ክፍል አለ ወይ?» ብላችሁ አትመለሱ። የዜሮ ክፍል መምህርቷ በምን ሠለጠነች? በዓመቱ መካከል ትነሳለች ወይ? ረዳት አላት? ሥራ ማስኬጃው ስንት ብር ነው፣ ለሕፃናቱስ ለይታችሁ መዝግባችሁታል? ሽንት ቤት ገብታችሁ ጉድጓዱን በዓይናችሁ እዩ። ርዕሰ መምህራን ደግሞ፣ ወንበር ከሌለ ሰሌን አንጥፉ፤ እግሩ ከሚንጠለጠል መሬት ላይ ቢቀመጥ ይሻለዋል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በኡዝቤኪስታን ዋና ከተማ ታሽከንት በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ አገሮች ከትምህርት ወጪያቸው ቢያንስ 10 በመቶውን ለቅድመ አንደኛ ለማዋል ተስማምተዋል። ይህን ቁጥር ይዛችሁ ወረዳችሁን ጠይቁ፤ የእኛ ስንት ነው በሉ።

ጊዜውንም ልብ በሉ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰኔ ላይ ያነሣሁት ጥያቄ «ለከርሞ እናየዋለን» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ። እናንተ መጋቢት ላይ፣ ዕቅዱ ገና ሲጻፍ ሂዱ።