ከጎጃም ሽቅብ፦ የውስጠኛው ማግኔቶስፌር ፕላዝማና ኃይለኛ ቅንጣቶች

ከፀሐይ የሚነፍሰውን ፕላዝማ (የኤሌክትሪክ ክፍያ ባላቸው ቅንጣቶች የተሞላ ጋዝ) የምድር መግነጢሳዊ መስክ አግዶ በራሱ ሕግ የሚያስተዳድርበት የጠፈር ክልል ማግኔቶስፌር ይባላል። ከዚህ ውስጥ ለምድር የቀረበው፣ ከምድር መሀል ስድስትና ሰባት የምድር ሬዲየስ ድረስ የሚዘልቀው ክፍል ደግሞ ውስጠኛው ማግኔቶስፌር ነው። በውስጡ ቀዝቃዛ ፕላዝማ፣ መካከለኛ ኃይል ያላቸው የቀለበት ጅረት አየኖች (ክፍያ ያላቸው አቶሞች)፣ እንዲሁም ወደ ብርሃን ፍጥነት የሚጠጉ የጨረር ቀበቶ ቅንጣቶች ይገኛሉ። ሦስቱም የሚኖሩት ተደራርበው በአንድ ሰፈር ስለሆነ የአንዱ መናወጥ ለሌላው ይተርፋል።

ጎጃም ይህን ለማየት የተመቸ ስፍራ ነው። የኮምፓስ መርፌ ወደ ታችም ወደ ላይም ሳያዘነብል አግድም የሚያርፍበት መስመር፣ ማለትም የመግነጢስ ወገብ፣ በመካከለኛው ኢትዮጵያ በኩል ያልፋል። ዓባይ የከበበው ጎጃም ከዚህ መስመር በስተሰሜን፣ በቅርብ ርቀት ይገኛል። በኖርዌይ ወይም በአላስካ የመስኩ መስመሮች ወደ መሬት ቀጥ ብለው ስለሚወርዱ ቅንጣቶች ተከትለዋቸው ወርደው ሰማዩን አረንጓዴና ቀይ ያደርጉታል። በጎጃም ግን መስመሮቹ ከደቡብ ወደ ሰሜን ለጥ ብለው ያልፋሉ። የኤሌክትሪክ ክፍያ ያለው ቅንጣት መስመሩን ተከትሎ መሄድ እንጂ አቋርጦ መውረድ ስለማይሆንለት፣ ከላይ ያለው የጨረር ቀበቶ በደብረ ማርቆስ ላይ አይዘንብም። የጮቄ ተራራም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ቢልም ለቀበቶው ቅንጣቶች ያው ሩቅ ነው። ይሁንና ከጎጃም ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ መሣሪያ ሁሉንም ንብርብር በየተራ፣ ያውም እምብርታቸው አጠገብ፣ ያቋርጣል።

ከ1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ መሣሪያው በፕላዝማስፌር ውስጥ ይሆናል። ይህ ከአዮኖስፌር (ክፍያ ካላቸው ቅንጣቶች ከሞሉት የላይኛው አየር ንብርብር) ወደ ላይ የፈሰሰ፣ ከምድር ጋር አብሮ የሚሽከረከር ቀዝቃዛ ፕላዝማ ነው፤ የአንዱ ቅንጣት ኃይል አንድ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ኃይል መለኪያ) ያህል ብቻ ነው። ድንበሩ በጸጥታ ጊዜ ከምድር መሀል አራትና አምስት ሬዲየስ ላይ ሲሆን፣ በመግነጢሳዊ ማዕበል ጊዜ፣ ማለትም ከፀሐይ የሚመጣው ፕላዝማ የምድርን መስክ በብርቱ ሲያናውጥ፣ የውጪው ክፍል ተገፎ ይሄዳል። መኖሩ የታወቀው ከመብረቅ በሚነሣ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ሞገዱ የመስኩን መስመር ይዞ ወጥቶ በሌላው ንፍቀ ክበብ ሲወርድ፣ በተቀባዩ ላይ ከቀጭን ድምፅ ወደ ወፍራም የሚወርድ ፉጨት ሆኖ ይሰማል፤ የፉጨቱ ዝግታ በመንገዱ ያለውን ኤሌክትሮን ብዛት ይናገራል። የጎጃም ክረምት ያን ያህል መብረቅ እያለው ለዚህ ግን አልታደለም፤ ከዚህ የሚነሣ የመስክ መስመር ብዙ ሳይወጣ ተመልሶ ይወርዳል።

የውስጠኛው የጨረር ቀበቶ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። በጃንዋሪ 31 የተወነጨፈችው የአሜሪካ ሳተላይት ኤክስፕሎረር 1 የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ቫን አለንና ባልደረቦቹ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ የሠሩትን የጋይገር ቆጣሪ (የጨረር መቁጠሪያ) ይዛ ነበር። ሳተላይቷ ዝቅ ስትል ቆጣሪው የተጠበቀውን የጠፈር ጨረር ይቆጥራል፤ ከፍ ስትል ግን ዜሮ ያሳያል። መሣሪያው ተበላሸ ለማለት የሚያስደፍር ውጤት ነበር። ቡድኑ ተመሳሳይ ቆጣሪ ወስዶ በብርቱ ኤክስ ሬይ ፊት ሲያቆመው እሱም ዜሮ አሳየ፤ ቅንጣቶቹ ከመብዛታቸው የተነሣ ቆጣሪው በሁለት ምት መካከል ፋታ አጥቶ ዝም ይላል። በዚህ ቀበቶ የሚበዙት አሥሮችና መቶዎች ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያላቸው ፕሮቶኖች ናቸው። ምንጫቸው የጠፈር ጨረር የአየር አቶሞችን ሲመታ ወደ ላይ የሚፈናጠሩ ኒውትሮኖች ናቸው፤ ኒውትሮን ክፍያ ስለሌለው መስኩ አይዘውም፣ በመንገዱ ላይ ሲፈርስ ግን የሚወለደው ፕሮቶን እዚያው ይጠመዳል፤ ለዓመታትም ሊቆይ ይችላል። የሰው እጅም ገብቶበታል፦ እ.ኤ.አ. በጁላይ 9 ቀን 1962 አሜሪካ በፓሲፊክ ላይ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያፈነዳችው የኑክሌር ቦምብ ሰው ሠራሽ ቀበቶ ፈጥሮ፣ በማግስቱ የተወነጨፈችውን ቴልስታርን ጨምሮ በርካታ ሳተላይቶችን ጎድቷል።

የተጠመደ ቅንጣት በአንድ ጊዜ ሦስት እንቅስቃሴ ያደርጋል። በመጀመሪያ በመስኩ መስመር ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ለኤሌክትሮን አንዱ ዙር የሺኛ ሰከንድ ክፍልፋይ ነው። ሁለተኛ፣ መስመሩን ይዞ ወደ ዋልታ ሲጠጋ መስኩ እየጠነከረ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ በሰሜንና በደቡብ መካከል ይመላለሳል፤ አንድ ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ላለው ኤሌክትሮን ምልልሱ ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይዘልም። ሦስተኛ፣ መስኩ ከምድር ሲርቁ ስለሚላላ ቅንጣቱ ቀስ በቀስ ምድርን ይዞራል፦ ኤሌክትሮን ወደ ምሥራቅ፣ ፕሮቶን ወደ ምዕራብ። ያው ኤሌክትሮን ከውስጠኛው ርቆ ባለው በውጪው ቀበቶ ምድርን ለመዞር ደቂቃዎች ይበቁታል።

ይህ ሦስተኛው እንቅስቃሴ ነው መሬት ላይ የሚለካው። ሁለቱ ተቃራኒ ክፍያዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲዞሩ ጅረታቸው ወደ አንድ ወገን፣ ወደ ምዕራብ፣ ይደመራል፤ ይህ የቀለበት ጅረት ይባላል። ዋና ተሸካሚዎቹ ከአሥር እስከ ሁለት መቶ ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያላቸው አየኖች ናቸው፤ በብርቱ ማዕበል ጊዜ ከምድር ከባቢ አየር የወጣ ኦክስጅን ድርሻው ከፍ ይላል። ጅረቱ ወደ ሰሜን የሚያመለክተውን የምድር መስክ ይቀንሳል። በኢትዮጵያ መስኩ 36 ሺህ ናኖቴስላ (የመግነጢስ መስክ መለኪያ) ገደማ ነው፤ የካናዳዋን ኬቤክ በጨለማ ባስዋጠው የማርች 1989 እ.ኤ.አ. ማዕበል የወገብ አካባቢ መስክ በ590 ናኖቴስላ ገደማ፣ በሜይ 2024 ደግሞ በ400 ናኖቴስላ ገደማ ቀንሷል። የማዕበሉ መለኪያ የሚሰላው በደቡብ አፍሪካ ሄርማነስ፣ በጃፓን ካኪዮካ፣ በሆኖሉሉና በሳን ሁዋን ካሉ ጣቢያዎች ነው። አዲስ አበባ ከ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሷ የመግነጢስ መለኪያ ጣቢያ ቢኖራትም እዚህ ውስጥ አትገባም። ምክንያቱ የጣቢያው ድክመት አይደለም፤ በወገቡ ላይ ቀን ቀን 105 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ ኤሌክትሮጄት የተባለ ጠንካራ ጅረት ስላለ፣ የሩቁን ጅረት ድምፅ ይሸፍነዋል።

ውጫዊው ቀበቶ ጠባዩ ሌላ ነው። ውስጠኛው በዓመታት ሲለወጥ ይህኛው በሰዓታት ይሞላል፣ ይጎድላል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 የተወነጨፉት ቫን አለን ፕሮብስ የተባሉ መንታ ሳተላይቶች ሥራ በጀመሩ በቀናት ውስጥ ለአራት ሳምንት ያህል የቆየ ሦስተኛ ቀበቶ አይተዋል፤ ኤሌክትሮኖች ከውጪ ሲገፉ ብቻ ሳይሆን እዚያው በፕላዝማ ሞገድ ተመትተው እንደሚፋጠኑም አሳይተዋል። ይህ ክልል ባዶ በረሃ አይደለም። 20,200 ኪሎ ሜትር ላይ የጂፒኤስ ሳተላይቶች በመሀሉ ይዞራሉ። 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ፣ በቀበቶው ውጪኛ ጠርዝ፣ የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ይቀመጣሉ። በፍኖተ ሰላም ወይም በሞጣ ጣሪያ ላይ ዲሽ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሽቅብ የሚያዞር ባለሙያ የሚፈልገው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ያለውን የኢትዮሳት ሳተላይት ነው፤ እሱም በዚሁ ሰፈር ኖሮ ኤሌክትሮን እየጠገበ ነው። በጃንዋሪ 1994 እ.ኤ.አ. ሁለት የካናዳ አኒክ ሳተላይቶች ከውስጥ በተጠራቀመ ክፍያ ምክንያት አቅጣጫ መጠበቂያቸው ተበላሽቶባቸዋል።

ታዲያ ቅንጣቶቹ ወደ ጎጃም ካልወረዱ ምን ይወርዳል? የኤሌክትሪክ መስክ። ከፀሐይ የሚነፍሰው ፕላዝማ ይዞት የሚመጣው መግነጢሳዊ መስክ ወደ ደቡብ ሲዞር በማግኔቶስፌር ውስጥ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ መስክ፣ የቀለበት ጅረቱ ምላሽ እስኪጠናከርና እስኪጋርደው ድረስ፣ በደቂቃዎች ውስጥ እስከ ወገቡ ይዘልቃል። ቀን ላይ ወደ ምሥራቅ ያመለክታል፤ ለጥ ካለው መስክ ጋር ሲገናኝ የአዮኖስፌሩን ፕላዝማ ወደ ላይ ያነሣል፤ የተነሣው ፕላዝማ መስመሮቹን ይዞ ተንሸራቶ ወደ ደቡብ ግብፅና ወደ ታንዛኒያ ሰማይ አካባቢ ይፈስሳል። ሌሊት አቅጣጫው ይገለበጣል።

በጎጃም ጎልቶ የሚታየው ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ነው። የታችኛው የፕላዝማ ንብርብር ቶሎ ይሟሽሻል፣ ወፍራሙ ከላይ ይቀራል፤ ዘይት ከውሃ በታች እንደ ተከተተ ሁሉ ቀጭኑ እየተፍለቀለቀ ወደ ላይ ይወጣል። እነዚህ የፕላዝማ አረፋዎች የጂፒኤስ ምልክትን ያንቀጠቅጡታል፤ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ። በቀን ብርሃን ማሳ የሚለካ የመሬት አስተዳደር ባለሙያ አረፋውን አያውቀውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲለካ የሚያድር ቋሚ ተቀባይ ግን በደንብ ያውቀዋል።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው፣ ስሙን ከቅኔው ደብር የወሰደው የዋሸራ የጂኦስፔስና ራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ የሚያጠናው ይህንኑ አካባቢ ነው፤ ከባሕር ዳር የጂፒኤስ ተቀባይ የተገኘ መረጃም በማዕበል ጊዜ የአረፋውን መነሣትና መቅረት ለመመርመር ውሏል። ማዕበል ሁልጊዜ አረፋ ያበዛል የሚለው ግምት ስሕተት ነው። የኤሌክትሪክ መስኩ ፀሐይ ስትጠልቅ ከደረሰ አረፋውን ያባብሰዋል፤ ከሰዓታት በኋላ ግን በዋልታ አካባቢ የሞቀው አየር የሚያስነሣው ነፋስ ተቃራኒ መስክ ስለሚፈጥር ያንኑ የምሽት አረፋ ሊያፍነው ይችላል። ስለዚህ አንዱ ማዕበል በባሕር ዳር ምልክት ሲያውክ፣ ብርታቱ ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ማዕበል በሌላ ሰዓት ደርሶ ምሽቱን ከወትሮው የጠራ ያደርገዋል።