የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ወጪ የውጤት ምዘና በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የሚያወጣው ገንዘብ በዓመት ከ100 ቢሊዮን ዶላር የሚበልጥ ሲሆን፣ አብዛኛው ነባር ሥርዓቶችን ለማንቀሳቀስና ለመጠገን ይውላል። ይህ ወጪ ምን ውጤት እንዳስገኘ መለካት በሕግ የተጣለ ግዴታ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1965 ጀምሮ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት የሠራው የብሩክስ ሕግ በኮምፒውተር ግዢ ላይ ያተኮረ ነበር። በ1994 ሴናተር ዊሊያም ኮኸን በኮምፒውተር ግዢ ቢሊዮኖች መባከናቸውን የሚያትት ሪፖርት አወጡ፤ በ1996ም የክሊንገር-ኮኸን ሕግ ጸደቀ። ሕጉ በየመሥሪያ ቤቱ ዋና የኢንፎርሜሽን ኃላፊ እንዲሾምና ቴክኖሎጂው ተልዕኮውን ምን ያህል እንዳገዘ በመለኪያ እንዲታይ ያዝዛል። ከፍተኛ ገንዘብ ከመውጣቱ አስቀድሞም የአሠራር ሂደቱ ራሱ ተፈትሾ እንዲሻሻል ይጠይቃል፤ የተንዛዛ አሠራር እንዳለ ወደ ኮምፒውተር ቢዛወር መንዛዛቱ አይቀርምና ይህ የሕጉ ብርቱ አንቀጽ ነው።

ሕጉን ወደ ተግባር በመተርጎም ረገድ ተጠሪነቱ ለኮንግረሱ የሆነው የኦዲት መሥሪያ ቤት፣ በምኅጻረ ቃል ጂኤኦ፣ ያበረከተው ድርሻ ከፍ ያለ ነው። በ1998 ያወጣው ጥንቁቅ መመሪያ የኢትዮጵያ መንግሥት ሠራተኞች ቢኤስሲ እያሉ የሚጠሩትን ሚዛናዊ የውጤት ምዘና ስልት መሠረት አድርጎ አራት ዕይታዎችን አስቀምጧል፤ እነዚህም የተቋሙ ስትራቴጂያዊ ግብ፣ የተገልጋዩ ፍላጎት፣ የቴክኖሎጂ ክፍሉ የውስጥ ብቃት፣ እንዲሁም ፈጠራና መማማር ናቸው። በዚህ አካሄድ ለምሳሌ የጡረታ አበል በሚከፍል መሥሪያ ቤት ዋናው መለኪያ የተገዛው ኮምፒውተር ብዛት ሳይሆን፣ አንድ ማመልከቻ ከቀረበበት ቀን አንሥቶ ውሳኔ እስኪያገኝ የሚወስደው ጊዜ፣ ስሕተት ተገኝቶበት የሚመለሰው ፋይል ቁጥርና የእያንዳንዱ ጉዳይ ወጪ ይሆናል።

በ2009 የየፕሮጀክቱን ሁኔታ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ለሕዝብ የሚያሳይ ድረ ገጽ ተከፈተ። በ2010 በተካሄዱ የፕሮጀክት ግምገማዎች ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደዳነ የፕሬዚዳንቱ የበጀት ጽሕፈት ቤት ቢገልጽም፣ ጂኤኦ ደጋፊ ሰነድ ስላልቀረበለት አኃዙን ማረጋገጥ አልቻለም። በ2014 የወጣው ፊታራ የተሰኘ ሕግ የኢንፎርሜሽን ኃላፊዎችን ሥልጣን አጠናከረ፤ ከ2015 ጀምሮም መሥሪያ ቤቶች በምክር ቤት ኮሚቴ በኩል ከኤ እስከ ኤፍ ውጤት ይሰጣቸዋል። ኃላፊዎቹ ለራሳቸው ፕሮጀክቶች የሚሰጡት ደረጃ ግን ለዘብ ያለ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ጂኤኦ በ2016 ከመረመራቸው 95 ፕሮጀክቶች ውስጥ በ60ዎቹ ያገኘው ሥጋት በድረ ገጹ ከተመዘገበው የከፋ ነበር።