ፍላት ወለድ ምንድን ነው? 12 በመቶ የተባለው ብድር 21 በመቶ የሚሆንበት ስሌት

ሁለት አበዳሪዎች አሉ እንበል። ሁለቱም በአንድ ዓመት ውስጥ በየወሩ ተከፍሎ የሚያልቅ የ120,000 ብድር ይሰጣሉ፤ ሁለቱም "ወለዳችን 12 በመቶ ነው" ይላሉ። አንደኛው ዘንድ ወርሃዊ ክፍያው 11,200 ነው፤ ሁለተኛው ዘንድ 10,662። ከሁለቱ የዋሸ የለም፤ ሂሳብ የተሳሳተበትም የለም። የተለያዩት 12 በመቶው የሚታሰበው በምን ላይ ነው በሚለው ነው። የመጀመሪያው ፍላት በሚባለው ስሌት ይሠራል። ሁለተኛው የሚያስከፍለው በቀሪ ዕዳ ላይ ነው፤ የብድር ሠራተኞች ዲክላይኒንግ የሚሉት ማለት ነው። (የገንዘቡን ዓይነት ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ የየትኛውም አገር ገንዘብ ቢሆን ውጤቱ ያው ነው።)

ፍላት ወለድ ማለት፣ ወለዱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወር መጀመሪያ በተበደሩት ሙሉ ገንዘብ ላይ የሚታሰብበት አሠራር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። የ120,000 12 በመቶ 14,400 ነው። ከዋናው ጋር ሲደመር 134,400፤ ለ12 ወር ሲካፈል 11,200። ብድሩ የሁለት ዓመት ከሆነ ወለዱ በሁለት ይባዛል፣ የሦስት ዓመት ከሆነ በሦስት። በመሃል ተበዳሪው ምን ያህሉን መለሰ የሚለው ጥያቄ ከስሌቱ ውስጥ የለበትም።

ነገሩ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ተበዳሪው ሙሉውን 120,000 በእጁ የሚይዘው ለአንድ ወር ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ የ11,200 ክፍያ ውስጥ 10,000ው ዋናው ገንዘብ ሲመለስ ነው፣ 1,200ው ወለድ። በሁለተኛው ወር በእጁ ያለው የሰው ገንዘብ 110,000 ነው፣ በሰባተኛው 60,000፣ በአሥራ ሁለተኛው 10,000። ወለዱ ግን ከ1,200 ንቅንቅ አይልም። አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ቤት ተከራይቶ በየወሩ አንዳንድ ክፍል ለባለቤቱ እያስረከበ፣ መጨረሻ ላይ በአንዲት ክፍል ተቀምጦ የአሥራ ሁለቱን ኪራይ እንደሚከፍል ሰው ነው። የመጨረሻውን ወር ለብቻው ብንመለከተው፣ ለ10,000 ዕዳ 1,200 ወለድ ይከፈላል። 12 በመቶ ነው፤ ግን የአንድ ወር እንጂ የዓመት አይደለም።

በቀሪ ዕዳ የሚታሰበው ወለድ በዚያው በ12 በመቶ ሲሄድ መንገዱ ሌላ ነው። በዓመት 12 በመቶ በወር 1 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ወር የ120,000 1 በመቶ፣ ማለትም 1,200 ይከፈላል፤ ከ10,662 የተረፈው 9,462 ከዋናው ይቀነሳል። በሁለተኛው ወር ወለዱ የሚሰላው በቀረው 110,538 ላይ ስለሆነ 1,105 ይሆናል። እንዲህ እያለ ወለዱ ይሳሳል፣ ወደ ዋናው የሚገባው ድርሻ ይወፍራል፤ በመጨረሻው ወር የወለዱ ድርሻ 106 ገደማ ብቻ ነው። የዓመቱ ወለድ ተደምሮ 7,942 ነው። ፍላቱ ደግሞ 14,400። "12 በመቶ" በሚለው አንድ ሐረግ ስር እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ልዩነት ተኝቷል።

ታዲያ የፍላቱ ብድር እውነተኛ ዋጋ ስንት ነው? ጥያቄው በሌላ አነጋገር ይህ ነው፦ በቀሪ ዕዳ ቢታሰብ፣ ወርሃዊ ክፍያውን 11,200 የሚያደርገው የወለድ መጠን የትኛው ነው? መልሱ በወር 1.79 በመቶ ገደማ፣ በዓመት 21.5 በመቶ ያህል ነው። ይህን በትክክል ለማውጣት ኤክሴል ላይ ሬት (RATE) የሚባለው ቀመር አለ፤ የወሩን ብዛት፣ ወርሃዊ ክፍያውን በመቀነስ ምልክት፣ በእጅ የገባውን ገንዘብ ብቻ ይጠይቃል። የሚሰጠው የወሩን ስለሆነ በ12 ማባዛት አይዘንጋ። ኮምፒውተር ለሌለው ደግሞ ግምታዊ መንገድ አለ፦ የፍላቱን መቶኛ በሁለት ማባዛት፣ ከዚያ በክፍያዎቹ ብዛት ማባዛትና በብዛቱ ላይ አንድ ተጨምሮ ለሚገኘው ቁጥር ማካፈል። ለእኛው ምሳሌ 24 ሲባዛ በ12 ሲካፈል ለ13፣ 22 ገደማ ይመጣል። ትንሽ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያሳስትም። በአበዳሪው ጠረጴዛ ፊት ለተቀመጠ ሰው ከበቂ በላይ ነው።

ከዚህ የሚወጣው አንድ ውጤት ብዙ ሰው ሲሰማው አያምንም። በቀሪ ዕዳ የሚታሰብ የ18 በመቶ ብድር ከ12 በመቶ ፍላት ይረክሳል። ለዚያው 120,000 ለአንድ ዓመት ወርሃዊ ክፍያው 11,002 ገደማ ነው፤ ጠቅላላ ወለዱ 12,020 ያህል፣ ከ14,400 ሁለት ሺህ ከምናምን ያነሰ። "18 በመቶ? ዘረፋ ነው" ብሎ ወጥቶ 12 በመቶ ወዳለበት የሚሮጥ ሰው ውድ ወደሆነው እየሮጠ ነው ማለት ነው። ተገላቢጦሹም እውነት ስለሆነ ፍላት የሚለውን ቃል ሰምቶ መሸሽም ትርጉም የለውም። የ8 በመቶ ፍላት የአንድ ዓመት ብድር በቀሪ ዕዳ ሲለካ 15 እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ከ18 በመቶው ይሻላል።

ፍላት ሁሉ ማታለያ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ እስከዚያ አልሄድም። ኮምፒውተር ባልነበረበት ጊዜ በየወሩ ቀሪ ዕዳን እያሰሉ ወለድ ማውጣት አድካሚ ሥራ ነበር። ፍላት ግን ማንም ሠራተኛ በቃሉ ሠርቶ ለማንም ተበዳሪ ሊያስረዳው ይችላል፤ የማይለዋወጥ ክፍያውም ለሁለቱም ይመቻል። ዛሬ ግን ስልክ እንኳ ይህን ስሌት በቅጽበት ይሠራል። ስለዚህ ፍላቱን ቁጥር ብቻ በትልቁ ጽፎ ትክክለኛውን የሚደብቅ አበዳሪ፣ ቀላልነቱን ወዶ ነው ለማለት ይከብደኛል። ሕግ አውጪዎችም ቀደም ብለው ነቅተውበታል። አሜሪካ በ1968 ባወጣችው ሕግ አበዳሪዎች የብድሩን ዓመታዊ ዋጋ በአንድ ወጥ ስሌት አውጥተው ለተበዳሪው እንዲያሳዩ አስገድዳለች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2008 መመሪያው ወለዱንና ከወለዱ ውጭ ያሉ ክፍያዎችን አንድ ላይ የሚይዝ መለኪያ ለአባል አገሮቹ ወጥ አድርጓል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሁለት ብድሮች በአንድ ሚዛን ካልተመዘኑ አይነጻጸሩም።

ፍላትና ቀሪ ዕዳ ልዩነት የማያመጡበት ሁኔታም አለ። ዋናው ገንዘብ በመሃል ምንም ሳይመለስ በዓመቱ መጨረሻ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ከሆነ፣ ተበዳሪው ዓመቱን ሙሉ 120,000ውን በእጁ ይዞ ነበርና 14,400 ትክክለኛ 12 በመቶ ነው። ቅሬታው የሚነሳው በየወሩ ዋናው እየተመለሰ ወለዱ ባለበት ሲቆም ነው።

ከወለዱ ውጭ ያሉ ክፍያዎች ሲጨመሩ ሥዕሉ ይብስበታል። አበዳሪው 2 በመቶ "የአገልግሎት" ብሎ ከብድሩ ላይ ቀድሞ ቢቆርጥ በተበዳሪው እጅ የሚገባው 117,600 ነው፤ የሚመልሰው ግን ያንኑ 134,400። 2 በመቶ ስትሰማ የምትናቅ ናት። ዓመታዊ ዋጋውን ግን ከ21.5 ወደ 25.4 በመቶ ታወጣዋለች፤ ወደ አራት ነጥብ ያህል ማለት ነው። ክፍያው የሚቆረጠው በመጀመሪያው ቀን በሙሉ ገንዘቡ ላይ ሆኖ፣ ገንዘቡ በእጅ የሚቆየው ግን በአማካይ የዓመቱን ግማሽ ያህል ስለሆነ ነው። ብድሩ ሳይከፈል እንዳይወጣ ተብሎ የሚያዝ የግዴታ ቁጠባም እንዲሁ ነው፤ ያልነኩት ገንዘብ ላይ ወለድ መክፈል ነው። የብድር ኢንሹራንስ አረቦን ካለም አብሮ ይደመር። ቀመሩ ውስጥ መግባት ያለበት ውሉ ላይ የተጻፈው ሳይሆን ተበዳሪው ቆጥሮ የወሰደው ገንዘብ ነው።

አሁን ኢንቨስት ለማድረግ የሚበደር ሰው የሚወድቅበትን ጉድጓድ እንይ፤ በእኔ ግምት ከሁሉም ጥልቁ እሱ ነው። "በ12 በመቶ ተበድሬ በዓመት 15 በመቶ በሚያስገኝ ነገር ላይ አውላለሁ፤ 3 በመቶው የኔ ነው" ይላል። 15 በመቶው የተረጋገጠ ነው እንበልለት፤ በተግባር እንዲህ ያለ ዋስትና ባይኖርም። 120,000ውን አስገብቶ በየወሩ 1.25 በመቶ እያገኘ፣ የወሩን 11,200 ከዚያው ገንዘብ እያወጣ ቢከፍል፣ ዓመቱ ሳያልቅ ገንዘቡ ያልቅና ዕዳው ይተርፋል። በአሥራ ሁለተኛው ወር ከሌላ ኪሱ 4,700 ገደማ መጨመር አለበት። ትርፍ የመሰለው ኪሳራ የሆነው፣ 15ቱ እየቀነሰ በሚሄድ ገንዘብ ላይ ሲታሰብ 12ቱ ደግሞ በማይቀንስ ገንዘብ ላይ ስለታሰበ ነው። ያ ገንዘብ እዳውን እንኳ ችሎ እንዲወጣ በዓመት 21.5 በመቶ ያህል ማስገኘት ነበረበት። ወርሃዊ ክፍያውን ከደመወዙ የሚከፍል ሰው ነገሩ አይታየውም፤ የኢንቨስትመንቱ ሂሳብ ሲያድግ ያያል፣ ደመወዙ በየወሩ የት እንደሚገባ ግን ከዚያ ሂሳብ ጋር አያያይዘውም።

የቀረው ቀደም ብሎ መዝጋት ነው። በቀሪ ዕዳ የተበደረ ሰው ከስድስተኛው ክፍያ በኋላ ልዝጋ ቢል ቀሪው 61,791 ገደማ ነው፤ ያልደረሰ ወለድ አይጠየቅም። ፍላት ላይ ግን መልሱ የሚገኘው ውሉ ውስጥ ነው። አንዳንዱ ውል ወለዱ ፊርማው ላይ ያለቀለት ነው ብሎ ያምናል፤ እንዲህ ከሆነ የስድስቱ ወር ሙሉ ክፍያ 67,200 ይጠየቃል፣ ቶሎ መክፈልም የሚያተርፈው ነገር የለም። ሌላው የ78 ደንብ የሚባለውን ይጠቀማል። ከ1 እስከ 12 ያሉት ቁጥሮች ሲደመሩ 78 ይሆናሉ፤ ለመጀመሪያው ወር ከ78 አሥራ ሁለቱ፣ ለሁለተኛው አሥራ አንዱ እያለ ወለዱን ወደ ፊተኞቹ ወራት ይከምራል። በስድስት ወር ከ78 ሃምሳ ሰባቱ፣ ማለትም ከወለዱ 73 በመቶ ያህሉ ተበልቷል። ለተበዳሪው የሚቀነስለት 3,877 ስለሆነ መዝጊያው 63,323 ይሆናል። በ21.5 በመቶው እውነተኛ ስሌት ቢሠራ 63,190 አካባቢ ነበር፤ የአንድ ዓመት ብድር ላይ ልዩነቱ ይህን ያህል አያስከፋም። ዓመታቱ ሲረዝሙ ግን ደንቡ ለአበዳሪው አብዝቶ ያደላል። አሜሪካ በ1992 ባወጣችው ሕግ ከ61 ወር በላይ በሆኑ የፍጆታ ብድሮች ላይ ይህን ደንብ የከለከለችውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከመፈረም በፊት አበዳሪውን ሁለት ነገር በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፦ በየወሩ ወለዱንና ዋናውን ለይቶ የሚያሳይ የአከፋፈል ሰንጠረዥ፣ እና በብድሩ እኩሌታ ላይ ለመዝጋት የሚጠየቀው ገንዘብ ስንት እንደሆነ። በሰንጠረዡ ላይ የወለዱ ዓምድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቁጥር ከሆነ ፍላት ነው፤ ውሉ ላይ ምንም ዓይነት ስም ይጻፍበት።