ዘመነ ትንሣኤ ምንድን ነው?

ዘመነ ትንሣኤ ከፋሲካ እሑድ መንፈስ ቅዱስ እስከወረደበት በዓል እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው የ50 ቀን ጊዜ ነው። በዓለ ሃምሳም ይባላል። ብዙ ሰው ግን ትንሣኤን የሚያውቀው እንደ አንድ ቀን በዓል ነው። ሌሊቱ ይነጋል፣ ይዘመራል፣ እንኳን አደረሳችሁ ይባላል፣ በቃ። በሳምንቱ ስለ ትንሣኤ የሚያነሣ ሰው ብዙም አይገኝም። ይህ ያሳዝነኛል። ወንጌልን ላነበበ ሰው ብዙው ነገር የሚሆነው ከዚያ ጠዋት በኋላ ነውና።

50 ቀን የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሐዋርያት ሥራ 1፥3 ኢየሱስ ከተነሣ በኋላ ለ40 ቀን ለደቀ መዛሙርቱ እየታየ ስለ እግዚአብሔር መንግሥት እንደ ነገራቸው ይናገራል። ከዚያ ዐረገ። በ50ኛው ቀን፣ አይሁድ የሰባቱን ሱባዔ በዓል በሚያከብሩበት ዕለት ደግሞ መንፈስ ቅዱስ ወረደ። በምሥራቅና በምዕራብ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት በቀን አቆጣጠር ስለሚለያዩ ፋሲካቸው ብዙ ጊዜ አይገጥምም። በ2017 ዓ.ም. ግን ሚያዝያ 12 ቀን አብረው አክብረዋል። ቀኑ ይገጥምም አይገጥም፣ ከዚያ በኋላ የሚቆጠረው 50 ቀን ያው ነው።

የጥንት ክርስቲያኖች ይህን ጊዜ የሚያሳልፉት ልክ እንደ እሑድ ነበር። በሰሜን አፍሪካ የኖረው ክርስቲያን ጸሐፊ ጠርጡልያኖስ በ3ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ እንደማይጾም፣ ተንበርክኮም እንደማይጸለይ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤም በ20ኛው ቀኖናው በእሑድና በእነዚህ ቀናት ሁሉም ቆሞ እንዲጸልይ ወስኗል። አንዳንዱ አንባቢ ይህን እንደ ጥቃቅን ሥርዓት ሊያየው ይችላል። እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ። ሐዘን ሰውን ያጎብጣል፣ ሞት ደግሞ ጨርሶ ያጋድማል። ልቡ ገና ደስታውን ያልያዘለት ሰው እንኳ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሲጸልይ፣ በአካሉ «ሞት ተሸንፏል» እያለ ነው። ስሜቱ በኋላ ሊደርስበት ይችላል።

ስሜት መዘግየቱ ደግሞ እንግዳ ነገር አይደለም። አራቱን ወንጌሎች አንብቡና ትንሣኤውን የሰሙት ሰዎች መጀመሪያ ምን እንደተሰማቸው ተመልከቱ። በማርቆስ 16፥8 ሴቶቹ ከመቃብሩ እየተንቀጠቀጡ ሸሹ። በሉቃስ 24 ሐዋርያቱ የሴቶቹን ወሬ እንደ ቅዠት ቆጥረው አላመኗቸውም። በማቴዎስ 28፥17 ኢየሱስን በዓይናቸው አይተው ከሰገዱለት መካከል እንኳ የተጠራጠሩ ነበሩ። ወዲያው ገብቶት እልል ያለ ሰው አላገኘሁም።

መግደላዊት ማርያምን እንውሰድ። ኢየሱስ ተነሥቶ ከኋላዋ ቆሟል፣ እሷ ግን ታለቅሳለች። ዞር ብላ ስታየውም የአትክልት ቦታው ጠባቂ መሰላት። ያወቀችው «ማርያም» ብሎ በስሟ ሲጠራት ነው። እንግዲህ ትንሣኤው እውነት በሆነበት በዚያው ሰዓት የእርሷ ለቅሶም እውነት ነበር። በፋሲካ ሰሞን ሰው የሞተበት፣ ወይም ውስጡ የጨለመበት ክርስቲያን «እኔ ምን ዓይነት አማኝ ነኝ? ሁሉም ሲደሰት እኔ ለምን አልቻልኩም?» ሲል ብዙ ጊዜ ይሰማል። የማርያም ታሪክ መልስ አለው። ጌታ የመጣው እንባዋን እስክትጨርስ ጠብቆ አይደለም።

ወደ ኤማሁስ መንደር የሄዱት ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ደግሞ ሌላ ናቸው። ተስፋ ቆርጠው ከኢየሩሳሌም እየወጡ ነው። «ተስፋ አድርገን ነበር» ይላሉ፣ እንዳለፈ ነገር። ያላወቁት መንገደኛ አብሯቸው ሄዶ መጻሕፍትን ተረጎመላቸው፤ ማዕድ ላይ እንጀራውን ሲቆርስ ዓይናቸው ተከፈተ፣ ኢየሱስ እንደሆነም አወቁ። ከዚያ ያደረጉት ነገር ነው የሚደንቀኝ። ቀኑ መሽቷል፣ «ከእኛ ጋር እደር» ብለው የለመኑትም ለዚሁ ነበር። ግን በዚያችው ሰዓት ተነሥተው የመጡበትን መንገድ ተመለሱ። የሸሹት ከተማ እንደገና የሚሄዱበት ሆነ። ክርስቲያኖች እስከ ዛሬ ተሰብስበው ቃሉን ሲሰሙና ማዕዱን ሲካፈሉ የሚጠብቁት ይህንኑ ነው።

ቶማስም ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው በመጠራጠሩ ነው። እኔ የምወደው ግን ዮሐንስ 20፥26 ላይ ያለውን ትንሽ ነገር ነው። ከስምንት ቀን በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ቤት ውስጥ ነበሩ፣ ቶማስም አብሯቸው ነበር። ያመኑት ያላመነውን አላባረሩትም፤ እሱም ትቷቸው አልሄደም። ኢየሱስ ሲመጣም የተቸነከረ እጁንና የተወጋ ጎኑን አሳየው። የተነሣው አካል ቁስሉን እንደያዘ ነው። ትንሣኤ መከራውን እንዳልነበረ አላደረገውም። ለዚህም ነው ብዙ የተሠቃዩ ሰዎች በዚህ ጌታ ፊት ቁስላቸውን መደበቅ የማያስፈልጋቸው።

የጴጥሮስ ነገር ደግሞ ይለያል። እሱ አሁን ትንሣኤውን አይጠራጠርም፣ ጌታን አይቶታል። ችግሩ የገዛ ራሱ ታሪክ ነው። ኢየሱስን አላውቀውም ያለው ፍም ዳር ቆሞ ሲሞቅ ነበር። በዮሐንስ 21 ከዓሣ ማጥመድ ሲመለስ ኢየሱስ በባሕሩ ዳር ፍም አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። መጀመሪያ ቁርስ አበላቸው። ከዚያ ሦስት ጊዜ ለካደው ሰው «ትወደኛለህን?» የሚለው ጥያቄ ሦስት ጊዜ ቀረበለት። በእያንዳንዱ መልስ ላይ ደግሞ ሥራ ተሰጠው፦ በጎቼን ጠብቅ። ይቅርታው ጥፋቱን ሳይጠቅስ አላለፈም፤ ግን ጥፋተኛውን ኃላፊነት ሰጥቶ አቆመው። በራሱ የሚያፍር ሰው ከዘመነ ትንሣኤ የሚያገኘው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል።

ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ይህን ሁሉ እንዴት ትኖረዋለች? ጥንት በፋሲካ ሌሊት የተጠመቁ ሰዎች ለስምንት ቀን ነጭ ልብስ ለብሰው ይቆዩ ነበር። ሮሜ 6፥4 እንደሚለው ከክርስቶስ ጋር ተቀብረው በአዲስ ሕይወት ሊመላለሱ ተነሥተዋልና። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት በእነዚህ ሳምንታት የሐዋርያት ሥራ ይነበባል። ሰላምታውም ይቀየራል፦ «ክርስቶስ ተነሥቷል!» ሲባል «በእውነት ተነሥቷል!» ተብሎ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1732 ደግሞ በጀርመን ሄርንሁት የሚኖሩ የሞራቪያ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች በፋሲካ ንጋት ወደ መቃብር ስፍራቸው ወጥተው ዘመሩ። ዛሬ በብዙ አገር የተለመደው የንጋት አምልኮ መነሻው ከዚያ ነው ይባላል። የሚወዷቸው በተቀበሩበት መሬት ላይ ቆሞ «ተነሥቷል» ማለት ቀላል አይደለም። ጳውሎስ ክርስቶስ ላንቀላፉት በኵራት ሆኖ ተነሥቷል ያለውን በእውነት የሚያምን ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚዘምረው።

ነገሩ በዝማሬ ብቻ እንዳይቀር የሐዋርያት ሥራ 4 ማየት ያስፈልጋል። ቁጥር 33 ሐዋርያቱ የጌታን ትንሣኤ በታላቅ ኃይል ይመሰክሩ እንደነበር ይናገራል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር በመካከላቸው አንድም ችግረኛ እንዳልነበረ ይጨምራል። መሬትና ቤት ያላቸው እየሸጡ ያመጡ ነበር። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን የተቀመጡት በአጋጣሚ አይመስለኝም። ሞት የመጨረሻው እንዳልሆነ ያመነ ሰው ያለውን ጨምቆ መያዙን ይተዋል። ጎረቤቱ እየተቸገረ «ተነሥቷል» የሚል ሰው ምስክርነቱ ግማሽ ነው።

ጳውሎስም 1ኛ ቆሮንቶስ 15ን ሲጨርስ ወደዚሁ ይመጣል። ከ50 በላይ ቁጥሮች ያሉት ረጅም ምዕራፍ ነው፣ ስለ ትንሣኤ ብቻ። «ሞት ሆይ፥ መውጊያህ የት አለ?» ብሎ ከጮኸ በኋላ የመጨረሻው ቃሉ ስለ ሰማይ አይደለም። ጽኑ፣ አትነቃነቁ፣ ድካማችሁ በጌታ ከንቱ አይደለም ይላል። የታመመ ወላጁን የሚያስታምም፣ ማንም ሳያየው የሚያገለግል፣ ለእውነት ብሎ የሚከፍል ሰው ይህን በዘመነ ትንሣኤ ደጋግሞ ቢሰማው ይገባዋል።

ዘመኑን መጠበቅ የሚፈልግ ሰው ብዙ ዝግጅት አያስፈልገውም። ሉቃስ 24ን፣ ዮሐንስ 20ና 21ን፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 15ን በየሳምንቱ ከፋፍሎ ማንበብ ይችላል። ሰላምታውን እስከ ጰራቅሊጦስ ሳያቋርጥ ይቀጥል። በእነዚህ ቀናት ሐዘን ያለበትን አንድ ሰው ሄዶ ይጠይቅ፤ ሲሄድ ደግሞ «አይዞህ፣ አትዘን» ለማለት አይቸኩል። መጀመሪያ አብሮት ይቀመጥ።