ስቲንስ ተራራ፦ በመፀው በፒካፕ ማደርና በእግር መጓዝ

ስቲንስ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ደቡብ ምሥራቅ፣ ሃርኒ ካውንቲ ውስጥ የሚገኝ የደጋ በረሃ ተራራ ነው። ከምዕራብ ለሚመጣ ሰው ግን ተራራ አይመስልም። መሬቱ ቀስ እያለ ከፍ ይላል እንጂ ዳገት አይባልም። ሞተሩ "ማርሽ ቀንሱልኝ" ካላለ በስተቀር እየወጡ መሆኑ አይታወቅም። ጫፉ ላይ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ከዚያ ወዲያ 1,700 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው፤ ከሥሩ ነጩ የአልቮርድ በረሃ ተዘርግቷል።

ይህን ጫፍ በመኪና ለማየት የሚመቹት ወራት ጥቂት ናቸው። ቦታውን የሚያውቁ ሰዎች የሚመርጡት የሴፕቴምበርን መጨረሻና የኦክቶበርን መጀመሪያ ነው። ትንኙ ሄዷል። ሙቀቱ በርዷል። አስፐን የሚባለው ዛፍ ቢጫ ለብሷል። በረዶው ገና መንገዱን አልዘጋም። በአማርኛ የተሰናዳ ነገር ስላላገኘሁ ያለኝን ሰብስቤ እነሆ ብያለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተራራው አፈጣጠር

ስቲንስ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። አንድ ትልቅ የመሬት ቁራጭ በምሥራቅ ጎኑ ተሰንጥቆ ወደ ላይ ተነሣ፤ ምዕራቡ እንደተኛ ቀረ። ሁለት እግሩ ብቻ ከፍ እንዳለ ጠረጴዛ ማሰብ ነው። አለቱ ባዛልት ሲሆን ከ16 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ ከመሬት ሥር የወጣ ላቫ ነው። በኋላ የበረዶ ግግር መጥቶ ጀርባውን ቦረቦረው። ካይገር፣ ሊትል ብሊትዘን፣ ቢግ ኢንዲያንና ዋይልድሆርስ የተባሉት ሸለቆዎች ያን ጊዜ የተጠረቡ ናቸው። ካይገርን ከላይ ያየ ሰው የሸለቆው ሆድ እንደ ገበቴ ክብ መሆኑን ወዲያው ያስተውላል።

ከፍታው በአብዛኛው 2,967 ሜትር ተብሎ ይጻፋል። አዲሱ ልኬት አንድ ሜትር ያህል ይጨምርለታል። አንድ ሜትር የሚያጣላ ነገር አይደለም፤ ለኔ ግን ትልቁ ቁጥር ይሻለኛል።

ታች ያለው አገር ደረቅ ነው። አልቮርድ በዓመት ከ200 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዝናብ ያገኛል። ከዚያ ከፍ ሲባል የአሪቲ ዘመድ የሆነው ሴጅብረሽ ይጀምራል። ዝናብ ሲነካው ሽታው መኪና ውስጥ ድረስ ይገባል። ቀጥሎ ጥድ፣ ከዚያ አስፐን፣ ከዚያ ሣርና ድንጋይ ብቻ።

አስፐኑ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዛፎቹ ከአንድ ሥር ብዙ ሆነው የሚበቅሉ ናቸው። ስለዚህ የአንድ ሥር ልጆች በአንድ ቀን ቢጫ ይሆናሉ፤ አጠገባቸው ያሉት የሌላ ሥር ልጆች ገና አረንጓዴ ናቸው። ከሩቅ ሲታይ ተራራው የተጣጣፈ ልብስ የለበሰ ይመስላል። የቅጠሉ አንገት ጠፍጣፋ ስለሆነ ነፋስ ባይሰማም ይርገበገባል። ግንዱ ነጭና ለስላሳ ነው። ከስፔንና ከፈረንሳይ ድንበር አካባቢ የመጡ የባስክ በግ ጠባቂዎች ስማቸውንና ዓመተ ምሕረቱን በቢላ ቀርጸውበታል። ዛፉ ሲወፍር ፊደሉም አብሮ እየሰፋ ጥቁር ጠባሳ ሆኗል።

ታሪክ

የአገሩ የመጀመሪያ ባለቤቶች የሰሜን ፓዩት ሕዝብ ናቸው። በ1878 የባኖክና የፓዩት ሰዎች ከአሜሪካ ጦር ጋር ከተዋጉበት ከባኖክ ጦርነት በኋላ፣ በ1879 ጃንዋሪ ከ500 የሚበልጡ ፓዩቶች በበረዶ በዋሽንግተን ግዛት ወዳለው የያካማ ሕዝብ ክልል እንዲሄዱ ተገደዱ። ዘሮቻቸው ዛሬ በርንስ ከተማ አጠገብ ይኖራሉ።

ተራራው ስሙን ያገኘው በ1860 ፓዩቶችን እያሳደደ ካለፈው ከሻለቃ ኢኖክ ስቲን ነው። ከዚያ በፊት የበረዶ ተራራ ይባል ነበር፤ በኔ ግምት የተሻለው ስም እሱ ነው። ከጀርባው የሚፈሰው ወንዝ ዶነር ኡንድ ብሊትዘን ይባላል፤ በጀርመንኛ ነጎድጓድና መብረቅ ማለት ነው። በ1864 አንድ የጦር ጓድ ወንዙን በነጎድጓድ መሐል ስለተሻገረ የወጣለት ስም ነው።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ በብዙ የተጻፈለት አንድ ሰው አለ፤ ፒተር ፍሬንች። በ1872 የካሊፎርኒያው ባለሀብት የዶክተር ሂው ግሌንን ከብቶች እየነዳ መጣ። ከብቱ 1,200 ያህል እንደነበር፣ አብረውት ሜክሲኳውያን እረኞችና አንድ ቻይናዊ ወጥ ቤት እንደነበሩ ይተረካል። ፒ ራንች የተባለውን እርባታ አቋቋመ። ረግረጉን አጠነፈፈ፣ አጥር ዘረጋ፣ መሬት በመሬት ላይ ገዛ። የግሌንን ልጅ አገባ። በዚያው በ1883 ግሌን በሰው እጅ ተገደለ። ፍሬንች ግን አልቆመም። ዳይመንድ አካባቢ ያሠራው ክብ ጎተራ ዛሬም ቆሟል። ጎኑ ለጎኑ 30 ሜትር ያህል ነው፤ በክረምት ፈረስ የሚገራበት ነበር። ውስጡ የሚገባ ሰው ቀና ብሎ ጣሪያውን የተሸከሙትን የጥድ ምሰሶዎች ማየቱ አይቀርም።

መሬቱን ያገኘበት መንገድ አከራካሪ ነው። ደጋፊዎቹ በሕግ ነው ይላሉ። መሬት ይዘው ለመስፈር የመጡት ደሃ ገበሬዎች ግን ረግረግ ያልሆነውን ረግረግ አስብሎ ወሰደብን አሉ። በ1897 ዲሴምበር 26 ከእነዚህ ሰፋሪዎች አንዱ የሆነው ኤድ ኦሊቨር በጥይት ገደለው። ፍርድ ቤት ኦሊቨርን ነጻ አለው። ፍሬንች መሣሪያ አልያዘም ነበር ይባላል። የዳኞቹ ጎረቤቶች ሁሉ ሰፋሪዎች በነበሩበት አገር ውሳኔው ብዙ የሚያስገርም አይደለም። ፍሬንችግሌን የምትባለው መንደር የሁለቱን ሰዎች ስም ይዛ ቀርታለች።

በ1908 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ከተራራው ሥር ያለውን የማሊየር ሐይቅ አካባቢ የወፎች መጠለያ አደረጉት። በ1976 ኪቲ ኦኒል በአልቮርድ ሜዳ ላይ በሰዓት 825 ኪሎ ሜትር ነድታ የሴቶችን የመሬት ፍጥነት ክብረ ወሰን ያዘች። በ2000 ኦክቶበር የወጣው ሕግ ደግሞ ተራራውን ከልሎ 170,000 ኤከር ያህሉን መኪና የማይገባበት ዱር አደረገው። ከዚህ ውስጥ ወደ 97,000 ኤከር የሚጠጋው ከብት እንዳይግጥበት በሕግ ተለይቷል። በአሜሪካ ምክር ቤት እንዲህ ዓይነት ነገር ሲደነገግ የመጀመሪያው ነበር። አርቢዎቹ ዛሬም ቅር ይላቸዋል፤ ሣሩ ግን ተመልሷል።

የዱር ፈረሶቹም ጉዳይ አለ። ካይገር ሙስታንግ የሚባሉት የድሮ የስፔን ፈረሶች ዘር ናቸው ይባላል፤ ወዳጆቻቸው "ንጹሕ ዘር" እስከማለት ይደርሳሉ። ከመንገዱ ዳር የሚታዩት ግን ብዙውን ጊዜ የሳውዝ ስቲንስ መንጋ ናቸው እንጂ ካይገሮቹ አይደሉም። ፎቶ አንስቶ "ካይገር አየሁ" የሚል ሰው ብዙ ነው።

መንገዱና መኪናው

ሃርኒ ካውንቲ ከ26,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። ነዋሪው 8,000 አይሞላም። ስለዚህ ቤንዚን የሚሞላው በርንስ ነው፤ ከዚያ ፍሬንችግሌን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስልክ አብዛኛው ቦታ ላይ አይሠራም።

ተራራውን የሚዞረው የጠጠር መንገድ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከኦሪገን መንገዶች ሁሉ ከፍተኛው ነው። በሰሜኑ በኩል ያለው ክፍል ደህና ነው። በደቡብ በኩል ሩስተር ኮምብ የሚባለው ቁልቁለት ግን ጠባብና ኮረኮንች ነው። ወገቡ ከፍ ያለ መኪና ይፈልጋል። እዚያ ላይ ፍሬን ረግጦ መውረድ ፍሬኑን ማቃጠል ነው፤ በዝቅተኛ ማርሽ ይወረዳል።

ባዛልት ሲሰበር ስለት አለው። ከመነሳት በፊት የስኮርታው ንፋስ ይታያል፣ ክሪኩም ይፈተሻል። ብዙዎች ጠጠሩ ላይ ሲገቡ የጎማውን ንፋስ ከ35 ወደ 25 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ይቀንሳሉ። ጎማው ድንጋዩን ከመጋፋት ይልቅ ያቅፈዋል፤ የጥርስ መንገጫገጩም ይቀላል። አስፋልት ላይ ሲመለሱ መልሶ ለመሙላት ትንሽ ኮምፕረሰር መያዝ ነው።

በፒካፕ ማደር ማለት ከኋላ በሽፋን በተከደነው የጭነት ቦታ ላይ ፍራሽ ዘርግቶ መተኛት ነው። ድንኳንም ይሆናል፤ የስቲንስ ነፋስ ግን ድንኳን አይወድም። ፒካፑ ውስጥ መጀመሪያ የሚያስመርረው ብርድ ሳይሆን አቧራ ነው። መኪናው ሲሄድ ከኋላው ያለው አየር ይሳሳና አቧራውን በበሩ ክፍተት ወደ ውስጥ ይስባል። ማታ ፍራሹ ላይ ዱቄት የተነፋ ይመስላል። መላው የሽፋኑን የፊት መስኮት ትንሽ ከፈት ማድረግ ነው። ከፊት የሚገባው አየር ውስጡን ይሞላና አቧራውን ወደ ኋላ ይገፋል። የኋላውን ክፍተት በላስቲክ መድፈንም ይረዳል።

ሁለተኛው እርጥበት ነው። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ ያደረው ጣሪያው ላይ በረዶ ይሆናል። ጠዋት ፀሐይ ሲነካው አንገት ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ብርድም ቢሆን ትይዩ ያሉ ሁለት መስኮቶች በጣት ያህል ተከፍተው ያድራሉ። ለማሞቅ ብሎ ምድጃ ውስጥ ማንደድ ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጭስ ሽታ የለውም።

የጋዝ ምድጃ ያላቸው ሰዎች ጠዋት "ጋዙ አለቀ" ይላሉ። አላለቀም። ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ በታች አይተንም፤ ጣሳው ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ተኝቷል። ጣሳውን ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይዞ ማደር ወይም ፕሮፔን መያዝ ያስፈልጋል። ጫፉ አካባቢ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላ ቀቅላለሁ ያለ ሰው በርሃብ ይተኛል።

ካምፖቹ አራት ናቸው፤ ፔጅ ስፕሪንግስ፣ ፊሽ ሌክ፣ ጃክማን ፓርክና ሳውዝ ስቲንስ። ፊሽ ሌክ 2,250 ሜትር ላይ ነው፤ ለአስፐን ቀለም የሚመረጠውም እሱ ነው። ከመንገድ ወጥቶ በመኪና ሜዳ ላይ መንዳት ክልክል ነው።

የእግር መንገዶች

ወደ ጫፉ ያለው መንገድ አጭር ነው። መኪናው ከሚቆምበት አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። አየሩ ስለሚሳሳ ግን ሳንባ ይቆጥረዋል። ከዚያው አጠገብ ወደ ዋይልድሆርስ ሐይቅ የሚወርደው መንገድ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ300 ሜትር በላይ ይወርዳል። መውረዱ ቀላል ነው። የወረደ ሁሉ ግን መውጣት አለበት።

ቀን ሙሉ ለሚሄድ ሰው ከሳውዝ ስቲንስ የሚነሳው ቢግ ኢንዲያን ይሻላል። ሦስት ጊዜ ውሃ ያሻግራል። በመፀው ውሃው ስለሚቀንስ ከጉልበት በታች ነው፤ ቅዝቃዜው ግን አጥንት ይነካል። መሻገሪያ ጫማ ለብቻ መያዝ ጥሩ ነው። ሸለቆው ውስጥ ሲገባ ግድግዳው በሁለቱም ጎን ይነሳል፣ ቢጫው አስፐን ወንዙን ተከትሎ ይሄዳል።

ወቅቱ የአጋዘን አደን ወቅትም ስለሆነ ደማቅ ብርቱካናማ ነገር መልበስ ብልህነት ነው።

በረዶና በሮች

እዚህ በረዶ በማንኛውም ወር ሊጥል ይችላል። ጠዋት ፀሐይ ሆኖ ከሰዓት መንገዱ ጭቃ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። አልቮርድ ላይ ዝናብ ከጣለ ደግሞ መንዳት አይሞከርም። ላዩ ደርቆ ይታያል፣ ሥሩ ግን እንደ ማጥ ነው፤ የገባ መኪና በቀላሉ አይወጣም።

መንገዱ በተለያየ ከፍታ ላይ የተተከሉ በሮች አሉት። በረዶው ሲበዛ፣ ብዙውን ጊዜ በኖቬምበር፣ ይቆለፋሉ። በፀደይ በረዶው እየቀለጠ ሲሄድ ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ይከፈታሉ፤ የላይኛው አንዳንዴ እስከ ጁላይ ይቆያል። በሮቹ ሲዘጉ ታች ወንዙ ዳር ያለው ፔጅ ስፕሪንግስ ብቻ ክረምቱን ሙሉ ክፍት ሆኖ ይቆያል።